ነጭ ሽንኩርት፣ ልባችን እና የደረት ውጋት
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራን የእድራችን የሥራ አመራር አባላት፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ! በሰላም ያገናኘን አምላክ ይመስገን። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሊቀመንበራችን ከጉባኤው ሰዓት ላይ ቆርሰው ስለ ጤና እንድናገር ስለፈቀዱልኝ፣ ይልቁንም ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ስላስቀደሙኝ አመሰግናለሁ። ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ማን ያዳምጠኝ ነበር?

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ የሥራ ዘመኔን የገፋሁት ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሳይጠየቅ የማይውል አንድ ጥያቄ ነበረ። የግፊት መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ መለስ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የምለው፣ ነጭ ሽንኩርት ለልብ ጥሩ ነው አይደል?» ይለኛል። ዛሬ መልሱን በችኮላ ሳይሆን ረጋ ብዬ ልናገር ነው የቆምኩት። በመጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ዘመዶቹ ምን እንዳላቸው፣ በሁለተኛ ደረጃ ለልብ ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደማያደርጉ፣ በሦስተኛ ደረጃ ማንን እንደሚጎዱና ደረት ሲጨመድድ ምን መደረግ እንዳለበት እናገራለሁ። በመካከሉ ወጣ ገባ ብል ታገሡኝ፤ ዕድሜዬ ለወሬ የደረሰ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ነጭ ሽንኩርት በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሌለበት ቤት ያለው ሰው እጁን ያውጣ። ማንም የለም! በማር ዘፍዝፈን እናስቀምጠዋለን፤ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እናፈላዋለን፤ ከፌጦ ጋር ወቅጠን ለሆድ ሕመም እንሰጠዋለን፤ ለጉንፋን እናኝከዋለን፤ ቡዳ ይፈራዋል ብለን በልጅ አንገት ላይ ያሰርንም አንጠፋም። ለደረት ውጋት ደግሞ፣ በተለይ በደጋው አገር፣ ተወቅጦ በአረቄ ይጠጣል። ይህ ሁሉ ከእናቶቻችን ያገኘነው ነው፤ እኔም በእናቴ ሙቀጫ ያደግሁ ሰው ነኝና በዚህ ላይ ለመቀለድ አልመጣሁም።

ደግሞም ብቻችንን አይደለንም። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ከግብፅ ትተውት የመጡትን ምግብ እያነሡ ሲያጉረመርሙ፣ ከዓሣውና ከዱባው ጋር ቀዩንም ነጩንም ሽንኩርት እንደጠሩ በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፏል። በዚያችው በግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በፓፒረስ ላይ በተጻፈ የሕክምና መዝገብ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሆኖ ይገኛል። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቻይናው ነው። ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ ዣንግ ዦንግጂንግ የሚባል ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው ደረቱን የሚያመው፣ ሕመሙ ወደ ጀርባው የሚዘልቅበትና ትንፋሽ የሚያጥረው በሽተኛ ሲመጣለት የነጭ ሽንኩርት ዘመድ የሆነች አንዲት ትንሽ የዱር ሽንኩርት ከአንድ የሐረግ ፍሬ ጋር በእህል መጠጥ አፍልቶ ያጠጣ ነበር። እስቲ አስቡት! እነርሱም ሽንኩርት በመጠጥ፣ እኛም ነጭ ሽንኩርት በአረቄ። ሳይተዋወቁና ሳይደዋወሉ እንዲህ የተገጣጠሙ ሕዝቦች አንድ ነገር አይተው መሆን አለበት ማለት የዋህነት አይደለም። ያ መድኃኒት በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ ዛሬም አለ።

ታዲያ ያዩት ነገር ምንድን ነው? አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንሥታችሁ ሳትልጡ ብታሸቱት ይህን ያህል አይሸትም። በሙቀጫ ስትደቁሱት ግን ቤቱን ያውዳል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ለምን? ፍሬው ውስጥ አሊን የሚባል ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። ዘነዘናው ሲያርፍባቸው ግድግዳቸው ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም አሊሲን ይወለዳል። የሚሸተው፣ ምላስ የሚያቃጥለውና ጀርም የሚገድለው እርሱ ነው። በ1944፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ካቫሊቶና ቤይሊ የሚባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ለይተው አወጡት። በኋላም በ1980ዎቹ ከአሊሲን የሚገኝ አጆይን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ይህኛው ፕሌትሌት የሚባሉት የደም መርጊያ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ይህችን ያዙልኝ፤ በሦስተኛው ነጥብ እመለስባታለሁ።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ሽንኩርቱን ሳትደቁሱ ሙሉውን ፍሬ በሚፈላ ወጥ ውስጥ ብትጥሉት ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ አሊሲኑም ሳይወለድ ይቀራል። ወጡ ይጣፍጣል እንጂ የፈለጋችሁት ነገር የለበትም። ደቁሳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ብታቆዩትና ከዚያ ወደ ድስቱ ብትጨምሩት የተሻለ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ይህ ኃይል ግን በእነርሱ ዘንድ ለዘብ ያለ ነው። «የሐበሻው ይሻላል ወይስ ያ ትልቁ ከውጭ የሚመጣው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የእኛው ደቃቃና ለመላጥ የሚያታክት ቢሆንም እኔ ለሽታውና ለጣዕሙ እርሱን እመርጣለሁ። ይህ ግን የምላሴ ፍርድ ነው፤ የሙያዬ ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ። ነጭ ሽንኩርት ለልብ ምን ያደርጋል?

በግፊት ልጀምር። በደም ግፊት በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ነጭ ሽንኩርት ግፊቱን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ ያመለክታሉ። በጥቂቱ ነው የምለው። ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን አስጥሎ በቦታው የሚቀመጥ አይደለም። ስለ ኮሌስትሮል ደግሞ በ2007 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ጥናት እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎቹ የእኛን ጥያቄ በቀጥታ ነው የጠየቁት። ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ያለው 192 ሰዎችን በአራት ቡድን ከፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በሳንድዊች ውስጥ፣ ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ዓይነት የነጭ ሽንኩርት ኪኒን፣ አራተኛው ደግሞ ምንም የሌለበትን ማስመሰያ ለስድስት ወር፣ በሳምንት ስድስት ቀን ወሰዱ። መጠኑም በቀን አንድ ትልቅ ፍሬ ያህል ነበር። ውጤቱስ? መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በየትኛውም ቡድን አልቀነሰም። ስድስት ወር ሙሉ አፋቸው ሲሸት ከርመው ቁጥሩ በነበረበት ቀረ!

«ታዲያ ውጋቱ ሲነሣብኝ ነጭ ሽንኩርት በልቼ የሚተወኝስ?» የሚል ሰው በመካከላችን አለ። በእርግጥ አለ። ለእርሱ የአጎቴን ታሪክ ልንገረው።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ከቤታቸው ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ዳገቱን እኩል ሲያደርሱ ደረታቸውን መሐሉ ላይ ጭምድድ ያደርጋቸው ጀመር፤ ግራ ክንዳቸውም ይዝላል። ታዲያ በካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንዲት ትንሽ ሰንጢ አትጠፋም ነበር። ሕመሙ ሲመጣ ከመንገዱ ወጣ ብለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ራሱን ይፈለፍላሉ፤ ከዚያም እነዚያን ደቃቃ ፍሬዎች በሰንጢዋ ጫፍ አንድ በአንድ ይልጣሉ። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገባቸው ቆሜ ልጣጩን ነፋስ ሲወስደው አያለሁ። አራት አምስት ፍሬ ልጠው፣ ከቁራሽ ዳቦ ጋር አኝከው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ይውጡትና «አሁን ለቀቀኝ!» ብለው ይነሣሉ። በእውነትም ይለቃቸው ነበር። በቀበሌው ውስጥ ይህን መድኃኒት ያልነገሩት ሰው አልነበረም።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ፤ አጎቴን ምን አዳናቸው? (ከአዳራሹ፦ «ነጭ ሽንኩርቱ!» ሌላ ድምፅ፦ «ዳቦው!» ሣቅ።) ወገኖቼ፣ አጎቴን ያዳናቸው መቀመጣቸው ነው! መቀመጣቸው! ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች በስብ ሲጠብቡ፣ ሰውየው አርፎ ሲቀመጥ የሚደርሰው ደም ይበቃል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ልብ ሥራዋ ይበዛባትና ደሙ ያንሳታል፤ ያን ጊዜ ደረት ይጨመደዳል። ሰውየው ሲያርፍ የልቡ ፍላጎት ይቀንስና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሕመሙ ይተወዋል። አሁን ደግሞ አስሉት። አንድ ራስ የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት ፈልፍሎ፣ ልጦና አኝኮ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልክ ያንኑ ያህል! ሕመሙ የሚያልፍበት ጊዜና ሽንኩርቱ የሚላጥበት ጊዜ እኩል ናቸው፤ ምስጋናውን ግን ሽንኩርቱ ወሰደው። ያ የቻይና ሐኪም በሽተኛውንም መድኃኒቱ ፈልቶ እስኪወርድ ድረስ ጋደም በል ሳይለው አይቀርም ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ግምት ነው።

ምስጋናው ተሳስቶ ቢሄድ ምን ችግር አለው? ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ በአንድ ሌሊት መጣ። አጎቴ አልጋቸው ላይ ተኝተው ሳለ ደረታቸው ተጨመደደ። ዳገት የለም፤ ሸክም የለም፤ ቀድሞውኑ ያረፉ ሰው ናቸው። ጠባብ የሆነው ቧንቧ በረጋ ደም ጨርሶ ሲዘጋ እንዲህ ይሆናል፤ ዕረፍት አያሽለውም፤ የልብ ጡንቻው በደቂቃዎችና በሰዓታት እየሞተ ይሄዳል። ባለቤታቸው ተነሥተው በሙቀጫ ወቅጠው በአረቄ ሰጧቸው። ላብ አጠመቃቸው፤ አስመለሳቸው። «አሁን ይለቀኛል» እያሉ ደግመው ጠጡ። ሐኪም ቤት የደረሱት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ተረፉ፤ ልባቸው ግን ደክሞ ነበርና ጥቂት ዓመታት በልብ ድካም ኖሩ፤ ያን ዳገት ዳግመኛ አልወጡትም። ለዓመታት ያመኑት መድኃኒት ያችን ሌሊት ሰዓታቸውን በላባቸው። ነጭ ሽንኩርቱ በራሱ መርዝ ሆኖ አልጎዳቸውም፤ ሰዓታቸውን ነው የበላው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ሁለት ክንፍ አለው።

አንደኛው ክንፍ፣ ነጭ ሽንኩርት ማንን ይጎዳል የሚለው ነው። አጆይንን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ፕሌትሌትን የሚያላላ ነገር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው በብዛት ሲጨመር መድማትን ሊያባብስ ይችላል። በአገራችን ደግሞ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱት አረጋውያን ብቻ አይደሉም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የልብ በር በሽታ ስንቱን ወጣት እንደያዘ ታውቃላችሁ። ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ደክመው በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማእከል ያቋቋሙት እንዲህ ላሉት ሕፃናትና ወጣቶች ነው። ሰው ሠራሽ የብረት የልብ በር የተገጠመለት ሰው ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።

አንዲት ወጣት ነበረች፤ ወደ ፋርማሲው በየወሩ እየመጣች ዋርፋሪኗን ትወስዳለች። አንድ ቀን ስትናገር ድዷ እንደሚደማ አየሁ። ክንዷም ላይ የመታት ነገር ሳይኖር የበለዘ ቦታ ነበር። «አዲስ የጀመርሽው ነገር አለ?» አልኳት። «የለም» አለች። «ከመድኃኒት ሌላስ? ከቤት?» ስላት፣ «እማዬ ለልቤ ብላ ነጭ ሽንኩርት በማር ጠዋትና ማታ በትልቁ ማንኪያ ትሰጠኛለች» አለችኝ። ወዲያው ወደ ሐኪሟ ላክናት፤ የደሟ የመርጋት መጠን ሲለካ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ተገኘ። ሽንኩርቱ ብቻውን ነው ያደረገው ብዬ አልምልም። ጾሙ ተፈትቶ ነበርና፣ በጾሙ ወራት በየቀኑ ትበላው የነበረውን ጎመንም በአንድ ጊዜ አቁማው ነበር። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል፤ ጎመኑ ሲቀር መድኃኒቱ ይበረታል። ስለዚህ ዋርፋሪን የምትወስዱ ሁሉ፣ በጾምም በፍስክም የምትበሉት ጎመን ብዙ እንዳይለዋወጥ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርቱም ለሐኪማችሁ እንድትነግሩ እለምናችኋለሁ። አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የምትወስዱም እንዲሁ። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ደግሞ በወጥ ውስጥ ካለው ውጭ በመድኃኒት መልክ የሚወስደውን ነጭ ሽንኩርት ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያቁም። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆድ ጥሬውን ቢበላ ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ከዚያም «ልቤን አመመኝ» ብሎ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ሁለተኛው ክንፍ፣ ደረት ሲጨመድድ ምን እናድርግ የሚለው ነው። የደረት ሕመም ሁሉ የልብ አይደለም፤ ከጨጓራ፣ ከሳንባ፣ ከጡንቻ፣ ከጭንቀትም ይመጣል። ነገር ግን መሐል ደረትን የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ አርፈው ተቀምጠው በጥቂት ደቂቃ የማይተው ከሆነ የልብ ነው ብላችሁ ተነሡ። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕመሙ ሳይጠና ድካሙ፣ ላቡና ማቅለሽለሹ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ እነርሱን «ምች ነው» ብላችሁ አታስተኙ። በሽተኛው አይራመድ፤ ደረጃ አይውጣ፤ ራሱ መኪና አይንዳ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከዘገየ የጎረቤት መኪና ይነሣ። አስፒሪን በቤት ካለ፣ በሽተኛው አለርጂ ከሌለበት፣ የጨጓራ መድማት ከሌለውና ደም ማቅጠኛ ከማይወስድ፣ ከ160 እስከ 325 ሚሊግራም የሚሆን ይታኘክ፤ ሳይታኘክ ቢዋጥ ይዘገያል። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት! የረጋውን ደም የሚያሟሙት መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሰጡ ነው ጡንቻውን የሚያድኑት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ጥቅማቸው እጅግ ይቀንሳል። ሙቀጫ የሚፈልግ ሰው ካለ ይፈልግ፤ በሽተኛው ግን መኪና ውስጥ ይሁን።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይደርሳል። የእድሩን የመኪና ባለቤቶች ስልክ የያዘ አንድ ወረቀት በየቤቱ በር ጀርባ ቢለጠፍስ? ይህን ለሥራ አመራሩ እንደ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ዛሬ በአጀንዳ ቢያዝልኝ ደስ ይለኛል።

አዎ፣ እትዬ፣ እጅዎን አይቻለሁ፤ ይጠይቁ። (ጥያቄ፦ «እንግዲያውስ በማር የዘፈዘፍኩትን ማሰሮ ልድፋው?») ኧረ በፍጹም አይድፉት! ግፊትዎ በመድኃኒት ተይዟል፤ ደም ማቅጠኛ አይወስዱም፤ ጨጓራዎም ደኅና ነው ብለውኛል። እንደ ምግብ በቀን አንድ ፍሬ ያህል ቢበሉት እኔ አልከለክልዎትም፤ ኪኒንዎን ግን ለአንድ ቀንም አያቋርጡ። በዘይት ያስቀመጡት ካለ ከማቀዝቀዣ ውጭ አያቆዩት፤ በዘይት ውስጥ አየር ስለሌለ ከባድ መርዝ የሚያመነጭ ጀርም ሊያድግበት ይችላል። የልጅ ልጅዎ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማሩን እንዳያቀምሱት፤ ጋሼም ስኳር ስላለባቸው ከማሰሮው ራቅ ይበሉ፤ ለእሳቸው ሽንኩርቱን ብቻ ከወጥ ጋር ይስጧቸው።